እዚያ ማን አለን?

የባሌን ጉዞ መጀመሪያ እራት ላይ ሳነሳ አማቴ እንጀራውን እንደጠቀለሉ እጃቸውን አቆሙና «እዚያ ማን አለን?» አሉኝ። ማንም የለንም አልኳቸው። ለቅሶ የለም፣ ሠርግ የለም፣ የተሳልነውም ስለት የለም። «ታዲያ ማን ሊቀበለን ነው?» የዋዛ ጥያቄ አልነበረም። እሳቸው ባደጉበት አገር ሰው ስንቁን ቋጥሮ የሚወጣው ከመንገዱ ማዶ የሚጠብቀው ሲኖር ነው። የሚጠብቀው ሳይኖር የሚንከራተት ሰው ወይ ተሰዷል፣ ወይ ከቤቱ ተጣልቷል።

በወቅት መጓዝ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። መስከረም 21 የግሸንን ዳገት የሚወጣው ምእመን፣ ታህሳስ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብ፣ ለገና ላሊበላ የሚወርደው፣ ለኢሬቻ ለምለም ሣር ይዞ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የሚቆመው ሁሉ ቀኑን ጠብቆ ይነሣል። ለመስቀል የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ቆልፎ ቤተሰቡን በሚኒባስ ጭኖ ወደ ጉራጌ አገር ይገሰግሳል። ባሌ ውስጥ ራሱ ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዞ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚያዘግመው መንገደኛ አለ። በእነዚህ ጉዞዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ ግን አንድ የሚጠብቅ አለ፤ ዘመድ ነው፣ ታቦት ነው፣ ወይም ቃል የተገባለት ወሊ ነው። ልጆቹን አስከትሎ፣ ማንም በማያውቀው ተራራ ላይ፣ ለማየት ብቻ ድንኳን የሚተክል ቤተሰብ ግን በአገራችን ገና ልማድ ያልሆነ ነው። አሁን አሁን እየተለመደ ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ በዚፕ ላይን ተንጠልጥሎ በባሕር ዛፉ መሐል ተወርውሯል። ያን የቀመሰ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ቁጭ በል ቢሉት አይሰማም።

ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ማለትም ሰማዩ በሚቀደድበት፣ ወንዙ በሚሞላበት፣ የገጠሩ መንገድ ጎማ በሚውጥበት ጊዜ። ገበሬው የልጆቹን እጅ በሚፈልግበት፣ ሕፃን ወንዝ ተሻግሮ መማሪያ ክፍል መድረስ በማይችልበት ወቅት ትምህርት መዝጋቱ ለገጠሩ ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው። ለከተማ ቤተሰብ ግን ረጅሙ ዕረፍት ከክፉው የአየር ጠባይ ጋር ይገጥምበታል። ስለዚህ እንደ ፈረንጅ ቤተሰብ አንድ ወር ሙሉ ጠቅልሎ መጓዝ የለም። ዓመቱን ቆራርሶ፣ የበዓሉን ማግስት ከቅዳሜና እሑድ ጋር እያጋጠሙ፣ የወሰነ ትምህርቱን አጭር ዕረፍት እያደኑ መሄድ ነው ያለው። ከብዙ ቤተሰቦች ጋር ስነጋገር የተረዳሁት ይህን ነው፤ ገንዘብ የሚያግዳቸው አሉ፣ ከገንዘቡ በላይ የሚያግዳቸው ግን ቀኑ ነው።

የእኛ ዓመት የሚጀምረው ከመስቀል በኋላ ነው። ዝናቡ ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ አደይ አበባ ግን ዳገቱን ቢጫ አድርጎታል። በዚያ ሰሞን ልጆች ይዤ ልሂድ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠራለት ወንጪን ነው። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አምቦና ወሊሶ መካከል ነው። ባንድ ወቅት እሳተ ገሞራ የነበረው ተራራ አፉ ሰምጦ ሐይቅ ሆኗል፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ከጫፉ ቆሞ ቁልቁል ሲያዩ ሐይቁ፣ ሐይቁ መሐል ደሴቱ፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም፣ ዳርና ዳር ደግሞ የእንሰት ማሳና የሰው ቤት ይታያል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ነው። በገበታ ለአገር ፕሮጀክት አዲስ መንገድና ማረፊያም ተሠርቶለታል። ለልጅ ግን የወንጪ ነፍሱ ፈረሱ ነው።

ባለ ፈረሶቹ በማኅበር ተደራጅተው ተራ ይይዛሉ። የስምንት ዓመቱ ልጃችን ተራው ደርሶ ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ እግሩ እርካቡ ላይ አልደርስ አለ፤ ባለ ፈረሱ ጠፍሩን ሁለት ጊዜ አሳጥሮ አሰረለት። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ልጁ ፈርቶ ልጓሙን ወደ ደረቱ ሲጎትት ፈረሱ ቆመ፣ ጆሮውንም ወደ ኋላ ለጠፈ። ባለ ፈረሱ ራሱ ከአሥራ ስምንት ዓመት አይበልጥም። «አትጎትተው ጎበዝ፣ መንገዱን ካንተ ይልቅ እሱ ያውቀዋል» አለው። ቀጥሎም አንዲት ሕግ ሰጠው፦ ቁልቁለት ሲሆን ወደ ኋላ ጋደል፣ ዳገት ሲሆን ወደ ፊት ዘንበል፣ ስትፈራ ጋማውን እንጂ ልጓሙን አትያዝ። ታች ሐይቁ ዳር ሲደርስ ልጁ እጁን ከጋማው አልቆ ለእናቱ እያውለበለበ ነበር። ይህን ያስተማረው የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ይጠይቀን እንደነበር እያሰብኩ ከኋላ በእግሬ ወረድኩ።

ከመስከረም እስከ ታህሳስ ድረስ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ለመውረድ አልቸኩልም። ምክንያቱ ወባ ነው። በአገራችን በጥቅሉ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ቦታ ለወባ የተጋለጠ ነው፤ በሽታውም የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ኩሬ ኩሬ ሲሠራ፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ ነው። ላንጋኖ በ1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ገና አልፎ፣ አጎበር ይዘን እንሄዳለን። ውሃው ቡናማ ስለሆነ አዲስ የመጣ ሰው ይጠየፈዋል፤ ቀለሙ ግን ያልዘቀጠ ደቃቅ አፈር እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ልጆች ዋና የሚለማመዱበት ሐይቅ ሆኖ የቆየው ከብልሃርዝያ ነጻ መሆኑ ስለሚታመን ነው። ከላንጋኖ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለውን የአቢጃታን ሐይቅ ግን ልጆቼን ያሳየኋቸው ለደስታ አልነበረም። ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ማምረቻ እየተወሰደበት ዳርቻው እየራቀ ሄዷል፤ ፍላሚንጎዎቹን ለማየት ቀድሞ ሐይቅ በነበረ ነጭ መሬት ላይ ረጅም መንገድ መራመድ ያስፈልጋል። ሴቷ ልጃችን «ውሃው የት ሄደ?» ስትል ላስረዳት ሞከርኩ፤ መልሱን አልወደደችውም።

ወደ ባሌ የምንሄደው በጥር መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ፈተና እንዳለቀ ነው። ባሌ ዝናቡ ረጅም ነው፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ለመንገደኛ ይመቻል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። በሻሸመኔ ወይም በአሰላ በኩል አድርጎ ዶዶላንና አዳባን አልፎ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ እስኪደረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለት ቤተሰብ አንድ ሚኒባስ በኮንትራት መያዝ ያዋጣል፤ ከወጪው ሁሉ ትልቁ ትራንስፖርቱ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ስለ ከፍታ ሲነገረው ይስቃል። እኛም ደጋ ነን ይላል። እውነት ነው፤ ከተማችን በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከባሕር ዳርቻ የመጣ እንግዳ እዚሁ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። የባሌው የሳነቴ አምባ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከላዩ የቆመው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ላይ አየሩ ውስጥ ያለው ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ 3,100 ሜትር ላይ ባለችው ዲንሾ አድሮ፣ ሰውነትን አስለምዶ፣ በማግስቱ ወደ ላይ መውጣት ነው ደንቡ። ልጅ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸውና ምግብ ካስጠላው መድኃኒቱ መውረድ ነው። አማቴ ዳማከሴ ቋጥረው መጥተው ነበር፤ ለምች ይሆናል፣ ለከፍታ ግን አይሆንም። እሳቸውን ከመውሰዳችን በፊት የደም ግፊታቸውን የሚከታተሉትን ሐኪም አማክረናል፤ ሳነቴንም ያዩት በቀን፣ በመኪና ነው እንጂ አላደሩበትም።

ዲንሾ ላይ ድንኳን የተከልነው ጥድና ኮሶ ዛፍ ሥር ነው። ቀዩ የኮሶ አበባ ከላያችን ተንጠልጥሎ ሲያዩት አማቴ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ በልጅነታቸው እየተገደዱ የጠጡት መራራ የዚህ ዛፍ ነው። ልጆቹ ታሪኩን ሦስቴ አስደገሟቸው። ጎህ ሲቀድ ድንኳኑን ከፍተን ስንወጣ ከአሥራ አምስት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ የደጋ አጋዘን ወንዱ ቆሞ ያየናል፤ ጠማማ ቀንዱ ላይ ውርጭ የለጠፈ ይመስላል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ሳይንስ ያወቀውም በ1900ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ነው፤ ከአፍሪካ ትልልቅ የአጋዘን ዘሮች መጨረሻ የተመዘገበው እሱ ነው።

ስለ ድንኳን አንድ ነገር ልናገር። ብርዱ የሚመጣው ከላይ አይደለም፣ ከመሬት ነው። ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ በላዩ ላይ ይከምራል፤ ሥሩን ይረሳል። እኛ ከኪራይ ቤት ያመጣነው ስስ ስፖንጅ ሌሊቱን ሲከዳን አማቴ ለራሳቸው ይዘውት የመጡት አጎዛ ልጆቹን አዳናቸው። እሳቸው ማረፊያ ቤት ውስጥ እሳት ዳር ስለተኙ አልፈለጉትም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አጎዛ አለው። ከሸራ ሱቅ ከሚገዛው ይሞቃል፣ ሲያረጅም ወንበር ላይ ይነጠፋል።

ሳነቴ ላይ የወጣን ቀን ልጅቷ ተቀምጣ የዋለችው ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ነበር። ከእኛ ጋር የመጣው የፓርኩ ስካውት አፈሩ ገና እርጥብ የሆነ ጉድጓድ መርጦ «ከነፋሱ በታች ሁኚ፣ እግርሽን አታንቀሳቅሺ» አላት፤ መሬቱን ሲረግጡት እንስሳው ከሥር ይሰማዋል። ፀሐይዋ ውርጩን ካቀለጠች በኋላ አፈሩ ከውስጥ ተገፋ። መጀመሪያ ሁለት ቢጫ ጥርሶች፣ ቀጥሎ ከራሱ አናት ላይ የተተከሉ የሚመስሉ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ወጡ። የባሌ ግዙፍ ፍልፈል እስከ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ ከባሌ ውጭ የለም። ወገቡ ድረስ ብቻ ወጥቶ፣ የኋላ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ እንደተከለ፣ አንገቱ የደረሰበትን ሣር ሁሉ ባፉ ሙሉ አጭዶ ወደ ኋላው ገባ። እንደገና ወጣ። አንዲት ትንሽ ወፍ አጠገቡ ቆማ አፈሩ ሲገለበጥ የሚወጣውን ትል ትለቅማለች። በመጨረሻ ከውስጥ አፈር ገፍቶ በሩን ደፈነው። ልጅቷ ትንፋሽዋን ውጣ የቆየችው ለካ እስከዚያ ነው።

ቀይ ቀበሮ ሳነቴ ላይ የሚኖረው በዚሁ ፍልፈል ምክንያት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። እኛ ያየነው አንዱ ከመኪናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ እየተሳበ ወደ አንድ ጉድጓድ ሲጠጋ ነበር። ስካውቱ እንዳስረዳን ቀን ቀን እያንዳንዱ ለየብቻው ያድናል፤ ማታና ጎህ ሲቀድ ግን መንጋው ተሰብስቦ ይላላሳል፣ ይጨዋወታል፣ ድንበሩን አብሮ ይዞራል። ቡችላ የምትወልደው የመንጋው አለቃ የሆነችው ሴት ናት፤ ጊዜውም ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ስለሆነ በጥር ቡችሎቹ ከጉድጓድ ወጥተው ይሯሯጣሉ። የቀሩት አጎትና አክስት ሆነው ምግብ ያመላልሱላቸዋል። ልጆቼ ከዚህ ሁሉ የያዙት አብሮ የመላላሱን ጉዳይ ብቻ ነው፤ መኪና ውስጥ ለተግባራዊነቱ ተጣልተዋል።

ቀበሮውን የሚጨርሰው ጥይት አይደለም፣ የውሻ በሽታ ነው። ከእረኛ ጋር ወደ አምባው የሚወጣ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ያጋባዋል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የተነሡ ወረርሽኞች በተነኩት መንጋዎች ውስጥ ካሉት አብዛኞቹን ፈጅተዋል። በዚሁ አቆጣጠር በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ለዓመታት የመንደሩን ውሾች ሲከትብ ቆይቶ በ2018 በሥጋ የተሸሸገ ክትባት ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ማብላት ጀምሯል። ለቤተሰብ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ውሻችሁን ይዛችሁ አትምጡ፣ የተረፈ ሥጋም ሜዳ ላይ አትጣሉ።

ምሳ ላይ ሻይ አፈላን። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሳነቴ ላይ ግን 86 አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ሻይው እየተንተከተከም ቤት እንደፈላው አይሞቅም፤ ሩዝ እየፈላም ቶሎ አይበስልም። ባለቤቴ በቡታ ጋዝ ፓስታ ልትቀቅል ስትታገል አማቴ ቅላቸውን ፈትተው በሶ በጥብጠው ለሁሉም አደሉ። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው፤ እሳቱን የጨረሰው ቤት ነው። ደገኛው ለምን ይህን ስንቅ እንደመረጠ የፊዚክስ መምህር ከሚያስረዳኝ በላይ ያን ቀን ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ወደ ሐረና ደን ወረድን። ይህ ጎዳና በአፍሪካ በከፍታቸው ከሚታወቁት የመኪና መንገዶች አንዱ ነው፤ አምባው ጫፍ ላይ ሲደርስ ምድር ከሥሩ የተነሣችበት ይመስል ቁልቁል ይጠማዘዛል። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከጅብራ ወደ ሽበት የለበሰ አስታ፣ ከአስታ ወደ ቀርከሃ፣ ከዚያ ሰማይ ወደማያሳይ ደን ይገባል። ልጆቹ ጃኬታቸውን፣ ቀጥሎ ሹራባቸውን አወለቁ። ሐረና ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ዛፍ ሥር ይበቅላል፤ ቀፎው ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል፤ የባሌ ጦጣ የሚባለው ቀርከሃ በሊታ እዚሁ ነው። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች፣ ዋቤ ሸበሌና ገናሌን ጨምሮ፣ እስከ ሶማሊያ ድረስ ሚሊዮኖችን ያጠጣሉ። ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው፤ ዘግይቷል ባይ ነኝ። አማቴ ሪራ ላይ ማር ሲገዙ ከሻጯ ጋር በማይግባቡበት ቋንቋ ረጅም ጨዋታ ያዙ። ሲመለሱ የልጆቿን ቁጥር፣ የበኩሯን ሠርግ፣ የላሟን መታመም አውቀው ነበር።

እንዲህ ስጽፍ መንገዱ ሁሉ ክፍት የሆነ እንዳይመስል። ሰሜን ተራሮች በ1978 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ልጆቼ ግን አላዩትም። መንዝ ጓሳም እንዲሁ፤ ሕዝቡ ሣሩን በአባት ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቅ የኖረበት ያ ቦታ በአካባቢው በነበረው ጦርነት ምክንያት ተራው አልደረሰንም። አዋሽ ፓርክን ለማየት ያሰብንበት በጋ ፈንታሌ አካባቢ ምድሩ ሳይቋረጥ የተንቀጠቀጠበት፣ ነዋሪው ከቤቱ የወጣበት የ2017 ዓ.ም. በጋ ሆነ። ወንጪም ቢሆን፣ ባሌም ቢሆን ከመነሣት በፊት እዚያው ላለ ሰው፣ ለባለ ማረፊያው፣ ለሹፌሩ ደውሎ ስለ መንገዱ መጠየቅ የግድ ነው። ከእነሱ አንዱ ካመነታ አንሄድም። ልጆቹ ይህን ለምደውታል፤ ቦርሳቸውን ፈትተው እንደገና ኳስ ይጫወታሉ።

የቀረው ክረምቱ ነው፤ ረጅሙ ዕረፍት። ሁለት ወር ቴሌቪዥን ፊት ከማለፉ ይልቅ የመናገሻ ሱባ ደን ይሻላል ብለን ጀመርን። ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን ያልቃል። ጥዱን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል፤ ዘሩ ከወፍ ዋሻ ደን መጣ የሚል ትውፊት አለ። በነሐሴ ውስጡ ሲገቡ ዝናቡ ቅጠሉ ላይ እየተንጠባጠበ እንጂ በቀጥታ አይመታም፤ ጉሬዛዎቹም ከጥዱ አናት ላይ ሆነው ይታያሉ። የሚያስፈልገው ቦቲ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ለመኪናው ወንበር ፕላስቲክና ለመመለሻ ደረቅ ካልሲ ነው። ድንኳን ግን በዚያ ወቅት አይታሰብም ብያለሁ። ልጅቷ አልተስማማችም፤ አያቷን ከጎኗ አሰልፋለች፣ ጉዳዩም እስከ ሐምሌ ድረስ ይታያል።